ጣሪያውን ማን ይክደነው? የጣና ዳር ቤቶች፣ ክረምቱና የተረሳው ገበዝ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ በየቤቱ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ባልዲ ይፈልጋል፤ አንዱ ሶፋውን ከግድግዳው ያርቃል፤ ሌላው ንፋስ እንዳያነሳው ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይጭናል። ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረምሳው ሚስማርና ሬንጅ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። መስከረም ሲጠባ ነገሩ ይረሳል። በዓመቱ ሰኔ ላይ ያው ጠብታ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ፎቅ ቤት ያለውም አላመለጠም። የኮንክሪቱ ጣሪያ ውሃ ያቁራል፤ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ካርታ ይወጣል፤ ባለቤቱ ቀለም ቀብቶ ካርታውን ይሸፍነዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ካርታው ሰፍቶ ይመለሳል።

ይህን ብዙ ጊዜ የድሃ ቤት ወይም የመጥፎ ኮንትራክተር ችግር አድርገን እናልፈዋለን። ግን የጣና ዙሪያ ሰው ቤቱን ከዝናብ ለማዳን ሲታገል ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ትግሉም ታሪክ ጥሎ አልፏል። ያን ታሪክ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፦ ውሃ ዳር ያለን ቤት ከዕቃው ጥንካሬ ይበልጥ የሚያድነው ጣሪያውን በየጊዜው የመክደን ግዴታ ያለበት ሰው መኖሩ ነው። ዕቃውን አሻሽሎ ግዴታውን የጣለ ሰው ቤቱ ያፈስበታል። ዛሬ በገዳማቱ ሥዕሎች ላይ የተጋረጠውንም አደጋ፣ የየሰፈራችንንም ባልዲ የማየው በዚህ ዓይን ነው።

1. ጎርጎራ፦ ድንጋዩ ወደቀ፣ ሣሩ ቆመ

ታሪኩን ከሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ እንጀምር። እዚያ በቅርብ ርቀት ሁለት የማርያም ቤቶች ይገኛሉ። ሁለቱም የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትውስታ ናቸው።

አንደኛው ማርያም ግምብ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በንጉሡ ድጋፍ የሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ሰሞን የአገራችን ግንበኝነት አዲስ ምዕራፍ ላይ ነበር። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው አርፏል። ከእርሱ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በኖራ መገንባት በሰፊው ገባ፤ ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችም በሥራው ተሳተፉ። ከጢስ እሳት ፏፏቴ አጠገብ በዓባይ ላይ የተዘረጋው የድንጋይ ድልድይም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ማርያም ግምብ የተጠረበ ድንጋይ፣ የኖራ ማጣበቂያ፣ በአበባና በጌጥ የተቀረጸ የድንጋይ ቅስት ጣሪያ ነበረው። በዘመኑ ዓይን ሲታይ ዝናብም ዘመንም የማይደፍረው ሕንፃ ነበር።

ሁለተኛዋ ደብረ ሲና ማርያም ናት። ግድግዳዋ ጭቃና እንጨት፣ ጣሪያዋ ሣር የሆነች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ውስጧን የሞሉት ሥዕሎች ከአፄ ፋሲል እኅት ከመላኮታዊት ስም ጋር ተያይዘው የሚነገርላቸው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱን ቦታዎች የጎበኘ ሰው ምን ያያል? የማርያም ግምብ ጣሪያ ወድቋል። የቆመው የግድግዳና የቅስት ቁራጭ ነው፤ የዛፍ ሥር በድንጋዩ መካከል ገብቷል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በአካባቢው የኢየሱሳውያን ቦታዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የሕንፃው ቅርጽ በወረቀት ላይ ተመዝግቧል፤ ሕንፃው ራሱ ግን ፍርስራሽ ነው። ደብረ ሲና ውስጥ ደግሞ ዛሬም ይቀደሳል። ሥዕሎቹም ቦታቸው ላይ ናቸው።

እንዴት ሣር ድንጋይን አሸነፈ? መልሱ ከዕቃው ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው መለሰ፤ ልጁ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አስወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1636 ደግሞ መናገሻውን ጎንደር ላይ አደረገ። ማርያም ግምብን የሠራው እጅ፣ የሚከፍለው ግምጃ ቤትና የሚያዝዘው ንጉሥ ሦስቱም ከቦታው ርቀው ሄዱ። የኖራ ቅስት ሲሰነጠቅ ኖራ አቡክቶ የሚደፍን ባለሙያ ይፈልጋል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ውሃው አፈር ይዞ ይገባል፤ በአፈሩ ላይ ዘር ይበቅላል፤ ሥሩ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። የደብረ ሲና ሣር ግን ሲበሰብስ አጠገቡ ያለው ገበሬ ሊተካው ይችላል። ያ ገበሬ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳው፣ ሬሳውን የሚያስቀብረው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ብሎ አያይም።

2. ሣር ክዳን ሞኝነት አልነበረም

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። ስምንት ወር በፀሐይ የደረቀና የተሰነጠቀ ግድግዳ በአራት ወር ውስጥ የዓመቱን ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ዝናቡን አግድም ይገፋዋል፤ ሌሊት እርጥበቱ ቤት ውስጥ ያድራል።

የጣና ክብ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ አየር የተሠሩ ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የጣሪያው ጥላ ያረፈበት በረንዳ፣ ቀጥሎ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመጨረሻ መካከል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ይገኛል። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እንደ አዝዋ ማርያም ባሉት የዘጌ ገዳማት፣ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ የምናደንቃቸው ሥዕሎች ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። አሠራሩን ልብ በሉ፦ ሥዕሉ በሸማ ላይ ይሣላል፤ ሸማው በጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለውሃ እጅግ ስስ የሆነው ነገር ንፋስ የሚገፋው ዝናብ ሊደርስበት በማይችልበት፣ በእጥፍ ግድግዳ በተከለለው እምብርት ላይ ተቀምጧል።

ግድግዳው ከድንጋይ መደብ ላይ ስለሚነሳ የመሬቱ እርጥበት በቀላሉ ወደ ጭቃው አይወጣም። የጣሪያው ክንፍ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወጣ ጠፈጠፉ ከግድግዳው እግር ርቆ ይወድቃል። ሣሩ ደግሞ ውሃን የሚያሸንፈው በውፍረቱና በቁልቁለቱ ነው፤ ዝናቡ የላይኛውን ሽፋን አርሶ ዘንበል ባለው ሣር ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ውስጡ ደረቅ ይቀራል። ከታች የሚነሳውን የሰውና የዕጣን ሙቀት በቀዳዳዎቹ እየተነፈሰ ያስወጣዋል። ሣር ክዳን ባለበት ቤት ሌሊት ከጣሪያ ላብ አይንጠባጠብም።

አንድ ደካማ ቦታ ግን አለው፤ ጫፉ። ጉልላቱ የሚተከልበት ቦታ ላይ ክዳኑ ይቋረጣል። እዚያ ላይ የገባ ውሃ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መቅደሱ ላይ ነው። ስለዚህ የጣና ሥዕሎች ትልቁ ጠላት ከላይ፣ ከጫፉ የሚመጣው ጠብታ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ጉልላቱን በየዓመቱ ቀና ብሎ ያያል።

ሣር ክዳንን በባዶ ለማሞገስ አይደለም። ይበሰብሳል፤ ምስጥና አይጥ ይገባበታል። ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። በመብረቅ፣ በጧፍ ወይም በዘራፊ እሳት የነደዱ የሣር ቤተ ክርስቲያኖችን ታሪክ የማይናገር አገር የለም። ግን ሣር አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ አይዋሽም። ማርጀቱ ከሩቅ ይታያል። ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ይጎደጉዳል። «ዘንድሮ ክደኑኝ» ብሎ ይናገራል።

3. ገበዝ ማለት ምን ማለት ነበር?

ሲናገር የሚሰማው ሰው ደግሞ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ገበዝ የሚባል ኃላፊነት አለ። ዛሬ ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው በማዕረግነቱ ነው፤ ሊቀ ገበዝ፣ ቄሰ ገበዝ እንላለን። ሥራው ግን በጣም ምድራዊ ነበር። ሕንፃውንና ንዋየ ቅድሳቱን መጠበቅ፣ የጎደለውን ማሟላት፣ የሚያፈሰውን ማስከደን የገበዙ ዕዳ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ «የመንግሥት ያለህ» አይባልም፤ ገበዙ ይጠየቃል።

ገበዙ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው መሬት ነበር። ነገሥታትና መኳንንት ለደብርና ለገዳም ጉልት ሲሰጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የያዘ ሰው ግብሩን የሚከፍለው በአገልግሎት ነበር። አንዱ በቅዳሴ፣ አንዱ በዜማ፣ አንዱ በጉልበት። ከመሬቱ ሌላ ደግሞ ደቦ ነበር። ሣሩ የሚታጨደው፣ የሚታሰረው፣ የሚወጣው በሰፈሩ ጉልበት ነው። ሴቶች ጠላና እንጀራ ያዘጋጃሉ፤ ጎረምሶች ሣር ያቀብላሉ፤ ክዳን የሚያውቀው ሽማግሌ ከላይ ሆኖ ያዝዛል። ጎረምሳው እያቀበለ ክዳን ይማራል። ጥገናው ራሱ ትምህርት ቤት ነበር።

ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ነገሩ የሚገባን፦ የሚጠየቅ ሰው (ገበዝ)፣ ወጪውን የሚችል ገቢ (ጉልት)፣ ሥራውን የሚያውቅ እጅ (ደቦ)። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ጉልት በጭሰኛ ላብ የቆመ እንደነበር እናውቃለን። ግን ጣሪያውን ይከድን ነበር።

4. ቆርቆሮው ሲመጣ

ቆርቆሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በብዛት መምጣት ጀመረ፤ መኪና መንገድ እየተዘረጋ ሲሄድ ወደ ገጠሩም ዘለቀ። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ማልበስ ትልቅ ጽድቅና ትልቅ ክብር ሆነ። እስከ ዛሬም ነው፤ ከአሜሪካ ገንዘብ አዋጥቶ የትውልድ መንደሩን ቤተ ክርስቲያን በቆርቆሮ የሚያስከድን ወገን ብዙ ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ቆርቆሮ አይነድም። ሣር ለማጨድ የነበረው ሜዳ እየታረሰ አልቋል። ደቦ የሚወጣው ወጣት ከተማ ገብቷል። ቆርቆሮ ባይመጣ ኖሮ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ፈርሶ ነበር።

ችግሩ ቆርቆሮው ያመጣው እምነት ነው፤ «አንዴ ከተከደነ በቃ» የሚል እምነት። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት ይጠብባል፤ ይህን በሺህ ቀን ደጋግሞ ሲያደርግ የሚስማሩ ቀዳዳ ይላላል። የሐይቁ ንፋስ ጠርዙን ያነሳዋል። ዚንኩ ተልጦ ሲያልቅ ዝገቱ ይጀምራል፤ ከታች ሆኖ ላየው ሰው ግን ጣሪያው ያው ያብረቀርቃል። ሌሊት ደግሞ ከታች የሚነሳው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ጤዛ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ሥዕሉ ይርሳል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ ክንፉ ካጠረ ደግሞ ከጣሪያው ሁሉ የተሰበሰበው ውሃ በአንድ መስመር ግድግዳው እግር ሥር ይወድቃል። አሸንዳ ከሌለ ጭቃውን ከሥር ይበላዋል፤ አሸንዳ ኖሮ ካልተጠረገም በቅጠል ተደፍኖ ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል።

ሣር አይዋሽም ብዬ ነበር። ቆርቆሮ ይዋሻል። መበላሸቱን የሚናገረው ሥዕሉ ከረጠበ በኋላ ነው።

5. ሬንጅና ሲሚንቶ፦ የላሊበላና የጎንደር ትምህርት

ጠብታው አንዴ ከታየ በኋላ የሚመጣው ፈተና ደግሞ የችኮላ ጥገና ነው። ይህ የጣና ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ክልላችን ውስጥ ካሉት የዓለም ቅርሶች ሁለቱ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምረዋል።

የላሊበላ ዐለቶች ከመነሻው የውሃ መውረጃ ተበጅቶላቸዋል። ግቢዎቹ ዘንበል ብለው ተፈልፍለዋል፤ ቦዮቹ ውሃውን ይዘው ይወጣሉ። ቦዮቹ በደለል ሲሞሉና የጣሪያው ዐለት ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥገና በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀባ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ውሃ እንዳይገባ መድፈን። ግን ዐለት ይተነፍሳል። በአንድ በኩል የገባ እርጥበት በሌላ በኩል መውጫ ካጣ ከሬንጁ ኋላ ተቋጥሮ ድንጋዩን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተካሄደው ሥራ ያን ቅብ መፋቅ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ጥገና ለሁለተኛው ጥገና ሥራ ፈጠረለት ማለት ነው።

ከዚያም በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፎቹ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መባቻ፣ የላሊበላ ሕዝብ «ይህ ብረት ወድቆ ቤታችንን ያጠፋዋል» ብሎ አደባባይ ወጣ። በአንጻሩ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የደገፈው ሥራ ከዐለቱ ጠባይ ጋር በሚስማማ ማጣበቂያ ስንጥቁን መድፈንን ከአካባቢው ልጆች ሥልጠና ጋር አያይዞ የሄደ ነበር። ፎቶው እንደ መጠለያው አይገዝፍም። እጅ ግን ጥሎ ይሄዳል።

ጎንደር ላይም እንዲሁ። የፋሲል ግቢ ግንቦች የኖራ ልጆች ናቸው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ግቢውን ለቢሮ ሲያድሱት ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት አስገቡ። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ጥቃቅን ስንጥቁንም ውሃና አየር ሲያገኝ ራሱ ይደፍናል። ሲሚንቶው ግን አይንቀሳቀስም፤ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ አይወጣም። ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠሩት ጥገናዎች ሲሚንቶውን አስወግዶ ወደ ኖራ መመለስ ዋና ሥራ ሆነ።

በቅርቡ ፋሲል ግቢ ሲጠገን ማኅበራዊ ሚዲያውን የሞላው ክርክር ስለ መልኩ ነበር፤ ግንቡ መልኩን ቀየረ፣ አልቀየረም። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ለቅርሱ ሲቆረቆር ደስ ይላል። ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር፦ የኖራ ልስን የግንብ የዝናብ ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ያልቃል። የዛሬ አሥር ዓመት፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ማን ይቀይርለታል? በየትኛው በጀት? ስሙ ማነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

6. ገቢው ደረቀ፣ ግዴታው ቀረ

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለጭሰኛው ነፃነት ነበር፤ ለዚያ የምቆጭበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን በዚያው ቀን የገዳማቱ የጣሪያ በጀት ጠፋ። ገበዙ ማዕረጉን ይዞ ቀረ፤ ከኋላው የነበረው መሬት ግን የለም። ጉልትን ስናነሳ ጉልት ይሠራው የነበረውን ሥራ ለማን እንደሰጠን አልተናገርንም።

ቀጥሎ የመጣው ገቢ ቱሪስት ነበር። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተነስቶ ዘጌ የሚወርደው እንግዳ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለብዙ ገዳማት የጣሪያም የጧፍም ምንጭ ሆነ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ ጦርነቱና ግጭቱ ያን ምንጭ አደረቁት። ሰው አልመጣም ብሎ ክረምቱ አይቀርም።

ሕጉስ? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ በባለይዞታው ላይ ይጥላል፤ ቅርስን ለመጠገንም አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ይጠይቃል። ሁለቱም በራሳቸው ትክክል ናቸው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን በጣና ደሴት ላይ ያለ መነኩሴ ያለበትን ሁኔታ አስቡት፦ ጣሪያው ያፈሳል፤ ማስጠገን ግዴታው ነው፤ ገንዘብ የለውም፤ በራሱ ቢጠግን ሕግ ይጥሳል፤ ባይጠግን ሥዕሉ ይጠፋል። እናም አንድ ደግ ምእመን የሰጠውን ቆርቆሮ፣ አንድ ጎረምሳ ያመጣውን ሲሚንቶ ይቀበላል። በእርሱ ቦታ ብንሆን እኛም እንቀበላለን።

የሚጠፋው ነገር ደግሞ የሚተካ አይደለም። በሸማ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲርስ መጀመሪያ ቀለሙ ይፈዛል፤ ቀጥሎ ሸማው ከጭቃው ይላቀቃል፤ ከጀርባው ሻጋታ ይበቅላል፤ በመጨረሻ በራሱ ክብደት ተቀዶ ይወድቃል። እንደ ፈረሰ ግንብ ድንጋዩ ተለቅሞ የሚመለስ ነገር የለውም።

7. ሌሎች እንዴት ያደርጋሉ?

ማሊ ውስጥ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ መስጊዷ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደ አዲስ የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ ከጭቃ የሆነ ሕንፃ ነው። ጭቃ ዝናብን አይችልም፤ ግን ቆሟል። በዓመት አንድ ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይለስነዋል። ከግድግዳው የወጡት እንጨቶች ከጌጥነታቸው ሌላ ለሳኙ የሚወጣባቸው መሰላል ናቸው። ሕንፃው ሲሠራ ጥገናው አብሮ ታስቧል።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ የኢሴ መቅደስ በየሃያ ዓመቱ ከሥር ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ሃያ ዓመት ማለት አንድ አናጺ ለልጁ ሙያውን የሚያስተላልፍበት ዕድሜ ነው። እንጨቱ አዲስ ነው፤ እውቀቱ ግን ጥንታዊ ነው።

ሁለቱም አገሮች የሠሩት የእኛ ደቦና ገበዝ ይሠሩት የነበረውን ነው። ልዩነቱ እነርሱ አለመተዋቸው ነው።

8. ታዲያ ምን እናድርግ?

የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ገበዝነትን ወደ ሥራው እንመልሰው። በየገዳሙ በስም የሚታወቅ፣ አበል ያለው፣ የሚጠየቅ የሕንፃ ጠባቂ ይኑር። ከግንቦት ልደታ እስከ ሰኔ ሚካኤል ባለው ጊዜ ጣሪያውን፣ ጉልላቱን፣ አሸንዳውንና የግድግዳውን እግር ይመርምር፤ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት ይመዝግብ። ስልክ በሁሉም እጅ አለ፤ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ የተነሳ ፎቶ ብቻ እንኳ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ከውጭም ከውስጥም ለቤተ ክርስቲያን የምናዋጣ ሰዎች የምንሰጠውን ለሁለት እንክፈለው። ግማሹ ቆርቆሮውን ይግዛ፤ ግማሹ ባንክ ተቀምጦ በየዓመቱ ሚስማሩን ያጥብቅ። ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ጽድቁ ግን አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ ኖራ ማቡካትና ሣር መክደን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እውቀታቸው ይያዝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው ከሐይቁ ዳር ነው፤ ተማሪዎቹን አንድ ክረምት በጀልባ ወደ ገዳማቱ መላክ ከባድ አይደለም።

አራተኛ፣ የቅርስ ፈቃዱ ሁለት መልክ ይኑረው። ለትልቅ እድሳት ረጅሙ መንገድ ይቆይ፤ ለሚንጠባጠብ ጣሪያ ግን ባለሙያ በቶሎ ደርሶ ወይም በስልክ መክሮ የሚያስከድንበት አጭር መንገድ ይበጅ። ውሃ ፊርማ አይጠብቅም።

አምስተኛ፣ ይህ ለአዲሱም ይሠራል። በ«ገበታ ለሀገር» የተጀመረው የጎርጎራ ፕሮጀክት የተሠራው ማርያም ግምብ በወደቀበት በዚያው ዳርቻ ነው። ማርያም ግምብም በዘመኑ የንጉሥ ፕሮጀክት ነበር። ያማረ ሥራ ነው፣ ይመር። ግን ከምረቃው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የአራት መቶ ዓመቱ ጥያቄ ነው፦ ያሠራው ሰው ሲሄድ ጣሪያውን ማን ይከድናል?

ጽሑፌን የምዘጋው በጀመርኩበት በሹም አቦ ነው። የሚያፈስ ቤት ያለው ጎረቤቴ ሁልጊዜ የሚደፍነው ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ ነው። ውሃ ግን በአንድ በኩል ገብቶ በወጋግራው ተንሸራቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ጠብታው ሳሎን ላይ ነው፤ ቀዳዳው ምናልባት ከመኝታ ቤቱ በላይ ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ባልዲው ከተነሳና ሁሉም ነገር ከተረሳ በኋላ፣ በፀሐይ ጣሪያ ላይ መውጣት ይጠይቃል።

በፀሐይ የሚወጣ ሰው ነው ያጣነው። ድሮ ስሙ ገበዝ ነበር።

ደግ ክረምት ያድርግልን። በየአካባቢያችሁ ያለ የጥንት ቤት ጣሪያ እንዴት እንደሆነ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን።